ሰልፈኛው ሁሉ ያወቀው የሚስጥር ቁጥር

የኤቲኤም ካርድ የወሰድኩት ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ማሽኑ በተተከለ በዓመቱ ነው። የባንክ ሠራተኛዋ ልጅ አራት አኀዝ ያለው የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ፣ ወረቀት ላይ አይጻፉት፣ የልደት ቀንዎንም አያድርጉት አለችኝ። የልደቴን ቀን እንኳን ሌባ እናቴም በቅጡ አታውቀው፤ በዚያ በኩል ስጋት አልነበረብኝም። የደብራችንን የመድኃኔ ዓለምን ሃያ ሰባት ከማኅበሬ ከእመቤታችን ሃያ አንድ ጋር አገጣጠምኩና፣ ይህንስ ማንም አያገኘውም ብዬ ኮራሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ ላይ ግቷ የተወጠረ ላም ከነጥጃዋ አገኘሁ። ባለቤቷ ሌላ ገዥ አለኝ፣ ገበያው ሳይፈታ ብሩን ካመጣሽ ግን ያንቺ ናት አለኝ። ባንኩ ተዘግቷል። ወደ ማሽኑ ሮጥኩ።

በችኮላ ቀኖቹን በወሩ ተራ አስቤ ሃያ አንድን አስቀደምኩ። ማሽኑ እምቢ አለ። እጄ ስቶ ይሆናል ብዬ ያንኑ ደገምኩ፤ እምቢ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሦስተኛውን ከሳትሽ ካርድሽን ይውጠዋል፣ እስከ ሰኞ አታገኚውም አለኝ። ላሚቱ ሌላ ሰው ሲነዳት በዓይኔ መጣችብኝ።

ከሰልፉ መሀል ልጃቸው የላከላቸውን ሊያወጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረብ አሉኝ።

«ልጄ፣ ማኅበርሽ የማን ነው?»

«የእመቤታችን፣ የኔታ።»

«ደብርሽስ?»

«መድኃኔ ዓለም።»

«የቱን አስቀደምሽ?»

«እመቤታችንን።»

«እንግዲህ ጌታን አስቀድመሽ ሞክሪዋ።»

ለካ ስመርጥም ፈርቼ ጌታን ነበር ያስቀደምኩት። ማሽኑ አጉረመረመና ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። ሰልፈኛው እሰይ አለ። ዶሮ ታቅፋ የቆመች ሴትማ ደስ ብሏት፣ እኔስ ሚካኤልና ገብርኤል ነው ያልኩት፣ ተራው አይጠፋኝም አለች። ከዚያ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

ብሬን በመቀነቴ ቋጥሬ በረርኩ፤ ላሟንም ደረስኩባት። ሒሳቤ ውስጥ የቀረው ጫጩት አይገዛምና ያን ቀን ሌባ አላሳሰበኝም። ሰኞ ግን ቁጥሬን ላስቀይር ባንክ ሄድኩ። ባለዶሮዋ ከፊቴ ተሰልፋለች፤ ከእሷ ፊት ሦስት የቅዳሜ ሰልፈኞች አሉ። ከሁሉም ቀድመው መስኮቱ ሥር የቆሙት የኔታ ናቸው። እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ መጡ ብላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንቺንስ በምን ያወቅሁት መሰለሽ?» አሉኝ።