አሥራ አራት ዙር

እንደዚያ ሰሞን ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ኮልፌ ባለችኝ አንዲት ክፍል ወርክሾፕ ውስጥ ለእናቴ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ወንበር እሠራ ነበር። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ የቀራንዮን ዳገት ወጥታ ቤተክርስቲያን ሳትስም ዓመት አልፏታል። ታክሲ እንያዝልሽ፣ እንደግፍሽ ስንላት «ዕቃ ነኝ እንዴ የምትጭኑኝ? ራሴ ካልሄድኩ ይቅር!» ትላለች። ግትርነቷ እኔም ላይ አለ፤ ብቻዋን የሚያወጣትን ሞተር ካልሠራሁ ብዬ ተነሳሁ።

ብሩሽ የሌለው፣ ጎማው መሃል የሚገባ ሞተር ነው የነደፍኩት። ሠላሳ ስድስት ጥቅል አለው፣ በእያንዳንዱ ላይ ሽቦው አሥራ አራት ዙር ይዞራል። የጠመጠሙልኝ ዕድሜያቸውን ሁሉ የወፍጮ ሞተር ሲጠመጥሙ የኖሩ ጋሼ የምላቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እኔው ወርክሾፕ ቁጭ ብለው፣ በእጃቸው፣ በአፋቸው እየቆጠሩ።

ገጥመን ስናስነሳው ሞተሩ አጉረመረመ። ወንበሩን እንደ ወንፊት አርገፈገፈው። ማግኔቶቹን ጠረጠርኩ፤ ደህና ናቸው። ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነውን ኮንትሮለር ጠረጠርኩ፣ ከጓደኛዬ ሌላ ተውሼ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ስሌቱን ከሀ ጀምሬ ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው! ታዲያ ምን ሆኖ ነው? እናቴ በየቀኑ «ደረሰ?» ትለኛለች። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ሞተሩን በድሪል እያሽከረከርኩ ጥቅሎቹ በተከፈሉባቸው ሦስት መስመሮች የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ለካሁ። አንዱ ያንሳል። በንዴት የዚያን መስመር ጥቅሎች እየፈታሁ ቆጠርኩ። አሥራ አራት። አሥራ አራት። አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለት! ወይ ጉድ አልኩ። ወፍጮ ሞተር ላይ ዙሩ ብዙ ስለሆነ አንድ ቢጎድል ማንም አያውቅም፤ እዚህ ግን ይታወቃል።

ጋሼን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? እያፈርኩ አሳየኋቸው። ሽቦውን አገላብጠው አዩና አቀረቀሩ።

«እትዬ ምሳ ይዘው ሲመጡ ነው» አሉ።

አልገባኝም። ቀስ እያለ ገባኝ። እናቴ ቀትር ላይ ሳህኗን ይዛ፣ በምርኩዝ እየተጎተተች ስትገባ ከበሩ ትጀምራለች። እንደምን ዋልክ፣ ባለቤትህ እንዴት ናት፣ ያ ሳል ለቀቃት፣ ልጅህ ደወለ? እሳቸውም እጃቸው ሳይቆም ለሁሉም ይመልሳሉ።

«ቆዩ፣ እየቆጠርኩ ነው ቢሏትስ?»

«ለእናትሽ? ምን ነካሽ አንቺ!»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሳምንታት ያሳበደኝ የገዛ እናቴ ሰላምታ! ድጋሚ ሲጠመጠም ወርክሾፕ እንዳትመጣ ነገርኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም። «ምን አጠፋሁ?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

እሁድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ በእግሬ ነኝ። ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ ዳገቱን ይዞት ወጣ፤ እሰይ ብዬ ልጮህ ነበር። የመጀመሪያው አጥር በር ላይ ግን ጎረቤት ወጣች፤ እናቴም ዳገቱ መሃል ፍሬን ያዘች። ተሳሳሙ። ሞተሩን አስነስታ ቀጠለች። ቀጣዩ በር ላይ ደግሞ ቆመች። ሞተር እንደ ዳገት ላይ መነሳት የሚያስጨንቀው ነገር የለም፤ እኔ ያሰላሁት ደግሞ አንዴ ተነስታ ቀጥ ብላ እንድትወጣ ነው። አራተኛው በር ላይ የሽቦው ልባስ፣ የጋለ ቫርኒሽ ሸተተኝና ሞተሩ ከሙቀት ብዛት ቆመ።

ጎረምሶች ሊገፏት ሮጡ። «እንዳትነኩኝ!» አለች። «እያረፈ ነው።» ፍሬኗን ይዛ፣ መንገደኛውን ሁሉ እየጠየቀች፣ እስኪበርድ ቁጭ አለች። እንዲህ እያልን ስንደርስ ቅዳሴ አልቆ ሰው እየወጣ ነው። ደጃፉን ሳመች። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም።

ስንመለስ «እማ፣ ሁለተኛ ዳገቱ ላይ አትቁሚ፤ ላይ ስትደርሺ ሰላም ትያቸዋለሽ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ።

«ዓመት ሙሉ ቤት ስቀመጥ የናፈቀኝ ደጀ ሰላሙ ብቻ መሰለሽ?»

በማግስቱ ሞተሩን፣ በየበሩ ቆሞ እንዲነሳ፣ እንደገና ፈታሁት።