ሳህሉ እና የላይኛው ጉድጓድ

ባለፈው ጥቅምት የቀበርነው ሳህሉ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር። ስብሰባ እየመራ እንኳ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። በ1978 ዓ.ም. ከቴፒ ወጣ ብሎ በተመሠረተው መንደራችን የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር እሱ፣ መዝገብ ያዡ እኔ ነበርኩ።

መንደሩ ተዳፋት ላይ ነው። የሚቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ላይ ይሁን ታች? የቤት ዕጣ ወጥቶ ስለነበር ሁሉም ለየደጁ ይሟገታል። ጉልበቷን የሚያማት አስካለች፣ ባሏ የሞተባት፣ የደረሳት ላይኛው ጫፍ ነበር። ጉድጓዱ ታች ከሆነ ሙሉ እንስራ ይዛ ዳገቱን ልትወጣ ነው።

«እጅ ማውጣት አይበቃም» አለ ሳህሉ። «ግድ የሌለውም የሚሞትለትም እጃቸው እኩል ነው።»

ለላይ አንድ፣ ለታች አንድ ቅርጫት አስቀምጦ ለየቤቱ አንድ ጣሳ በቆሎ ሰፍሮ ሰጠ። ሰው የፍላጎቱን ያህል በመረጠው ቅርጫት ይጨምር፤ የተረፈውን ቤቱ ይውሰድ።

ታች አሸነፈ። አስካለች አንድ ጭብጥ ጨምራ ሌላውን በነጠላዋ ቋጥራለች።

«እትዬ አስካለች፣ ውኃው አያስፈልግሽም እንዴ?» አላት ሳህሉ።

«ልጆቹስ ምን ይብሉ? ሐምሌ እኮ ነው!»

ታች መንገድ ዳር የሚነግደው አሕመዲን ጣሳውን ሙሉ ነበር በታች ቅርጫት የገለበጠው። «ጓድ ሊቀመንበር» አለ እየሳቀ፣ «ጥጋብና ረሃብን በአንድ ጣሳ ለካህ!»

ሳህሉን ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። በመጨረሻ ዕጣው ይመለስ አለ፤ ቤቶቹ ገና ሣር ስላልለበሱ የገባባቸው የለም። አስቀድሞ የራሱን ዕጣ መልሶ ወረወረ።

«የአሕመዲን ቤት ይድረስህ የአስካለች ሳታውቅ፣ ጉድጓዱ የት ይሁን?» ሲል እያንዳንዱን ጠየቀ።

ክርክሩ ወዲያው በረደ። ሙሉ እንስራ ይዞ ከመውጣት ባዶውን ይዞ መውጣት ይሻላል። ላይ ተባለ።

ዕጣው ሲወጣ ግን አስካለች ታችኛው ጫፍ ደረሳት፤ ለሳህሉ ደግሞ ላይ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ።

«አሁንስ ምን ልትሰፍር ነው?» አለ አሕመዲን።

ሳህሉ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ዕጣውን ለአስካለች ሰጥቶ የእሷን ወሰደ።

ሚስቱ ሎሚ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። «ሰውዬ፣ አገሩን ሁሉ ምን ትፈልጋለህ ስትል ከረምክ። ዕጣው የኔም አይደለም? እኔን ማን ጠየቀኝ? እንግዲህ ውኃውን አንተ ቅዳ!»

ሳህሉም ቀዳ። በእኛ ዘንድ እንስራ የተሸከመ ወንድ መሳቂያ ነው፤ ሳቁበት። እስኪታመም ድረስ በየማለዳው ባዶውን ይዞ ሲወጣ፣ ሙሉውን ተሸክሞ ሲወርድ አየው ነበር።

ከጥቅምት ወዲህ የምትወጣው ሎሚ ናት።