ከጋሼ ኖራ ልብ ላይ የተላጠው

ጋሼ ኖራ የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት የሚሠሩት ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ላይ ኖራ ያልታየበት ቀን የለም። ሚስቱ እንኳ ካልተቆጣች በቀር በዋናው ስሙ አትጠራውም። ጣሪያ ሲለስን አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ይውላል፤ ወጣቶቹ እየተፈራረቁ ሲያርፉ እሱ ንቅንቅ አይልም።

ኋላ ግን እግሩ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጫማው እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ቀበቶው። ሆዱ ሲገፋ ጓደኞቹ «ጋሼ ኖራ ተመችቶታል» እያሉ ቀለዱበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሚስቱ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ፊቱ እየከሳ ሆዱ ሲያድግ፣ የአንገቱ ደም ሥር እንደ ገመድ ሲገተር ታያለች። የቤታቸውን ደረጃ ወጥቶ እንደ ሯጭ ሲያለከልክ ባየችው ቀን፣ ክርክሩን ሳትሰማ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሞቹ ጉበቱን ጠረጠሩ፣ ኩላሊቱን ጠረጠሩ፣ በመጨረሻ ደረቱን ራጅ አነሱት። የቀዶ ሕክምና ዶክተሯ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዛ አሳየቻቸው። በልቡ ዙሪያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ መስመር ይታያል። ልብ ራቁቱን አይቀመጥም አለቻቸው፤ ከረጢት ውስጥ ነው የሚኖረው። ከረጢቱ ድርብ ነው፣ በመሐሉም ልብ ሲመታ እንዳይፋተግ ጥቂት ፈሳሽ አለ። የእሱ ግን ፈሳሹ ደርቆ፣ ድርቡ ተጣብቆ፣ እንደ ኖራ ጠጥሯል። ልቡ ራሱ ደህና ነው፤ ያጣው የሚዘረጋበትን ቦታ ነው።

የሥራዬ ኖራ ነዋ የገባብኝ አለ ጋሼ ኖራ። ዶክተሯ አይደለም አለችው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከድሮ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ምናልባት በልጅነቱ ይዞት፣ ሳያውቀው አብሮት የኖረ ይሆናል። ያኔ እቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ነበር ወይ ስትል ጠየቀችው። ሚስቱ የለም ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት።

«እትዬ» አለ።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ስትኖር እህት እንደነበረችው ሰምታ አታውቅም።

እትዬ ታላቅ እህቱ ነበረች። እናታቸው ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ስለምትውል ጋሼ ኖራን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ያለበሰችው፣ ያጎረሰችው፣ ሲያለቅስ ያባበለችው። የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነበር። ከኋላው አቅፋው ትተኛለች፤ ስታስል ሳሉ ከደረቷ ተነሥቶ በጀርባው አጥንት በኩል ሲያልፍ ይሰማዋል። ስትሞት እሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። እናቱ ፍራሹን ደጅ አውጥታ አቃጠለችው። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ እቤት ውስጥ የተናገረ የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

ደረቱን ከፍተው ቅርፊቱን ከልቡ ላይ ላጡለት። እግሩ ጎደለ፣ ሆዱ ሟሸሸ፣ ሐኪሞቹም ተደሰቱ። ጋሼ ኖራ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው እቤቱ የገባው። በጠራራ ፀሐይ ጀርባዬን በረደኝ ይላል። እያወራ ድንገት ዝም ብሎ ወደ ኋላው ያዳምጣል። ሥራ ሲመለስማ ባሰበት። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲለስን ከጆሮው ሥር የልጅ ሳል ይሰማል፤ ዘወር ሲል ማንም የለም። ያቦካውን ኖራ እዚያው ጥሎ ይወጣል።

ሚስቱ መድኃኒቱ ይሆናል አለችው። እሱ አንገቱን ነቀነቀ።

«እስከዛሬ እኔ ዘንድ ነበረች» አላት። «ከላዬ ላይ ልጠው አወጧት። አሁን የት ትግባ?»

በማግስቱ ቅርፊቱን ጠይቆ ወስዶ ሊቀብር ተነሣ፤ እሷም ብቻህን አትሄድም ብላ ተከተለችው።

ዶክተሯ አልጣልነውም አለች፤ ተማሪዎች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነበር። ወደዚያ ወሰደቻቸው። በመጀመሪያ ጓንት አልብሳ፣ መድኃኒት ውስጥ የቆየ የሌላ ሰው ልብ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከተጨበጠ እጁ ብዙም አይበልጥም። ሰፊው ወገን ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታችና ወደ ግራ እንዲሆን አድርጋ አስያዘችው፤ ደረትህ ውስጥ እንዲህ ነው የሚቀመጠው እያለች። ከላይ ትልልቆቹ ደም ሥሮች ተቆርጠው እንደ ቧንቧ አፋቸውን ከፍተዋል። በግራና በቀኝ የታጠፈ የውሻ ጆሮ የሚመስል ነገር ተለጥፏል። ገጹ ላይ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ልብን ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን ደም ሥሮች በስብ ተሸፍነው ይወርዳሉ። ጋሼ ኖራ በአውራ ጣቱ ቦዩን ተከትሎ እስከ ጫፉ ወረደ።

ቀጥሎ የራሱን አመጣችለት። ብዙ ቁራጭ ነው፤ ትልቁ መዳፍ ያህላል። ከአሮጌ ግድግዳ የተገመሰ ልስን ይመስላል። አገላብጦ አየውና ይህ ብቻ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ዶክተሯ ሁሉንም አላወጣነውም አለችው። የላጡት ከፊትና ከታች ያለውን ነው። በግራና በቀኝ መነካት የሌለበት ነርቭ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ትተውታል።

«ከኋላ በኩል ያለው እንዳለ ነው» አለችው።

«በጀርባዬ በኩል?»

«አዎ፣ በጀርባህ በኩል።»

ጋሼ ኖራ ቁራጩን መልሶ ሰጣት። ሚስቱ አሁን ልቅበረው ይላል ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ ተማሪዎቹ ይማሩበት አለ። የሴት ልጅ መሆኑን ግን ንገሪልኝ አላት። ዶክተሯ ግራ ተጋብታ፣ እዚህ ስም አንጽፍም አለችው።

«ስም ጻፊ አላልኩም» አላት። «እትዬ እንጂ ሌላ ስሟን እኔም አላውቀውም።»

ከዚያ ወዲያ ጣሪያ ተወ፤ ግድግዳ ብቻ እየለሰነ ብዙ ዓመት ኖረ። ሳሉ አልተወውም፤ እሱ ግን ጥሎ መውጣቱን አቆመ። ሲሰማው እጁን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፈ ይቆምና፣ ሲያልፍ ሥራውን ይቀጥላል። ጓደኞቹም እርጅና ነው ብለው ተዉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አንሶላ እያጠፈች ሳለ ከጓዳ ሳል ሰማች። ባሏ በኋላው በር የገባ መስሏት ውኃ ጠጣበት አለችው። እንደገና አሳለ፤ ቀጭን፣ አክታ የቋጠረ ሳል ነው። ገብታ አየች። ጓዳው ባዶ ነበር፤ የኋላው በርም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ሲመሽ ጋሼ ኖራ መሣሪያውን አንጠልጥሎ ከሥራ መጣ። እራቱን አቀረበችለት፣ ስለ ውሎው ጠየቀችው፣ ስለ ሳሉ ግን አላነሳችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወደ ጓዳ ስትገባ አስቀድማ ከደጃፉ ድምፅ ታሰማለች።