የሙሉካ ሐይቅ

ሙሉካ ሱራ፣ ዓረብ አገር ማዳም ቤት በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ላንጋኖ አውርታ አትጠግብም፤ ሐይቁ ዳር ስላለው ሆቴል፣ እንግዳ በጀልባ ስለሚያንሸራሽረው አባቷ። አባቷ ካረፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን በወሬዋ ገድላው አታውቅም። ዘንድሮ ለዕረፍት አገሯ ሄዳ ስታይ ሆቴሉ ተዘግቷል፣ በተገለበጠው ጀልባ ላይ ፍየል ይተኛል።

ስትመለስ ማዳም ገና ከበሩ "ሐይቅሽ እንዴት ነው?" አለቻት። ምላስ አይታሰር ነገር! "እንደ ድሮው ነው፤ አባቴም ያው ከጀልባው አይወርድ" ብላ እርፍ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ጠዋት ሻንጣዋን ስትከፍት ማዳም እየሳቀች መጣች። "ዕቃሽን አታውጪ፤ ለዒድ ሁላችንም ወደ ሐይቅሽ እንሄዳለን። ትኬት ቆርጫለሁ።"

የማዳም ትንሿ ልጅ የዋና ልብሷን ለብሳ ከኋላዋ ብቅ አለች። "አባትሽ ነው አይደል የሚቀዝፍልን?"

"እሱ ነው እንጂ" አለች ሙሉካ፤ ሻንጣውን መልሳ እየዘጋች።