ሳህን ስናጥብ የተሰጠ ድምፅ

ሎርና ቲቦን የማያውቅ የመንደራችን ሰው የለም፤ የማይሸሻት ግን ጥቂት ነው። ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ካገኘችህ አለቀልህ። «ስለ መስመሩ አሰብክበት?» ትልሃለች፤ ካላሰብክበት እዚያው አቁማ ታሳስብሃለች።

መስመር የምትለው የፋይበር ኢንተርኔቱን ነው። ኩባንያው እስከ ድልድዩ ድረስ ዘርግቶ አቆመው። ከድልድዩ ወዲያ ቤቶች የተጠጋጉበት፣ ትርፍ ያለበት ሰፈር ነው። ከድልድዩ ወዲህ እኛ የኮረብታው ሰዎች ነን። «በሚቀጥለው ዓመት» ሲሉን ስንት ዓመት እንዳለፈ መቁጠር ትተናል። ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ነው፤ እናቶቻቸው መሪ ይዘው ያንቀላፋሉ። በአሜሪካዋ ቬርሞንት የበረዶ ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሎርና ክርክር አንድ ነው። መንገዱን በግብራችን ራሳችን እንጠርጋለን፣ ትምህርት ቤቱን ራሳችን እናስተዳድራለን፤ ይህንንም በመንደሩ ገንዘብ ራሳችን እንዘርጋው ትላለች። የሃርላን ዱቡክ መልስም አንድ ነው። የበረዶ መጥረጊያ መኪናችንን በወጉ ማስጠገን ያቃተን ሰዎች፣ ማዕበል ሽቦውን ሲበጥሰው ምሰሶ ላይ ማን ሊወጣልን ነው? ዕዳውስ የማን ነው? ሃርላን ክፉ ሰው አይደለም። ጡረተኛ ነው፣ ግብር በጨመረ ቁጥር ከመሬቱ ቆርሶ ይሸጣል።

በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የመንደሩ ሰው አዳራሽ ተሰብስቦ ጉዳዩን ሁሉ በድምፅ ይወስናል። ሎርና አንድ ዓመት ተሸነፈች። በሚቀጥለው ዓመት «ይጠና» ተባለ። ከዚያ የተጠናው እንደገና ይጠና ተባለ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ውላ ማታ በየቤቱ እየዞረች ታስረዳለች። እኔን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እሷን ማየት ራሱ ያደክመኝ ነበር። ባሏ ጊል ላሞቹን ያልባል፣ መንገዱ ሲበላሽ በፒካፑ ያደርሳታል፣ ስብሰባዋ እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቃታል። ዝም ያለ ሰው ነው። ዝምታውን ሁላችንም እሺታ ብለን ወሰድነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠንክሮ ነበር። የሎርና ልጅ ማርሲ ሩቅ ከተማ ሆና በኮምፒውተር የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ለገና ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጥታ ሥራዋን መላክ አቅቷት ከበዓሉ በፊት ተመለሰች። ስትሄድ ለእናቷ ቁርጡን ነገረቻት፤ «እማዬ፣ መስመሩ ከገባ ጠቅልለን እንመጣለን። ካልገባ እዚያው ቤት መግዛታችን ነው።» ሎርና ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። አልቅሳ አይቻት አላውቅም ነበር።

በስብሰባው ቀን ምሳ የምናበስለው የኮረብታው ሴቶች ነን። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እናቶቻችንም ያንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ከሜፕል ዛፍ በሚወጣ ጣፋጭ ሽሮፕ የበሰለ ቦሎቄና የአሳማ ሥጋ እናቀርባለን፣ ከዚያ ምድር ቤት ወርደን ሳህን እናጥባለን። እኛ ወጥተን ሳንቀመጥ ስብሰባው አይቀጥልም። የተጻፈ ነገር አይደለም፣ ግን ደፍሮ የጣሰው ሊቀመንበር አልነበረም።

ኦሪን ፒስሊ አዲስ ሊቀመንበር ነው። ሰዉም ቸኩሏል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ የኮረብታው መንገድ ገንፎ ይሆናል፣ የሚታለቡ ላሞችም አሉ። እኛ እጃችን አረፋ ውስጥ እንዳለ ከላይ «አይ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ለመንገዱ ጠጠር የተጠየቀው ወጪ ነው ብለን ማጠባችንን ቀጠልን። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ሁለት ስኒ ይዞ ወረደና ስኒዎቹን አስቀምጦ ቆመ።

«አይዞሽ ሎርና» አላት። «ጥቂት ነው የቀራችሁ።»

«ምኑ?»

«መስመሩ ነዋ። በድምፅ ወደቀ እኮ።»

ሽርጣችንን ሳንፈታ ደረጃውን ወጣን። እንደተረዳሁት ማንም ተንኮል አልሠራም። ኦሪን አጀንዳውን አነበበ፤ ሰዉ ክርክሩን ስለጠገበ የሚናገር ጠፋ፤ «ድምፅ ይሰጥ» ተባለ፣ ተጮኸ፣ አለቀ። ሎርና እንደ ወትሮዋ ከኋላ የተቀመጠች መስሏቸዋል። ይህን ያህል ዓመት ለፍታ፣ ሳህን ስታጥብ ተሸነፈች።

«አንተ ኦሪን!» አለች፤ እጇ ውሃ ያንጠባጥባል። «አፍንጫህን እየጠረግኩ በአውቶቡሴ ያመላለስኩህ ልጅ! ሳንወጣ?»

ኦሪን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እትዬ ሎርና፣ በእግዚአብሔር አላስተዋልኩም። ግን ደንቡ ደንብ ነው። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሳልሻገር ‹እንደገና ይታይ› ማለት የሚችለው ከረታው ወገን ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ‹አይ› ካላችሁት መካከል የሚጠይቅ አለ?»

ድምፁ የተሰጠው በጩኸት ስለሆነ ማንም ተነስቶ «አይ ብዬ ነበር» ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። እኛ ዘንድ ግን በዚህ አይዋሽም፤ የዋሸ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወራበታል። ሃርላን ወለሉን ያያል። ኦሪን ጉዳዩን ሊዘጋ የሊቀመንበሩን መዶሻ አነሳ።

ያን ጊዜ ጊል ቲቦ ከመስኮቱ ሥር ተነሳ።

«እንደገና ይታይ» አለ።

ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱም አጨበጨበ። «ጎሽ ጊል! ዛሬ ማታ እራት ታገኛለህ!» አለ አንዱ።

ኦሪን አልሳቀም። «ጋሼ ጊል፣ ለሚስትዎ ብለው ከሆነ አልቀበልም። ‹አይ› ብለው ነበር?»

«ብያለሁ።»

«እውነትዎን ነው?»

«‹አይ› ብያለሁ አልኩህ እኮ። ሴቶቹ ግን አልነበሩም። ይህ ልክ አይደለም።»

ሳቁ ጠፋ። እኔ ሎርናን ነበር የማየው። ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ባሏን ትመለከታለች፤ እንዳልዋሸ ከሁላችንም ቀድማ አውቃለች።

እንደገና ይታይ ተባለ፤ ይህን ጊዜ በጩኸት ሳይሆን ቆሞ በመቆጠር ሆነ። «አዎ» የሚሉ ይነሱ ሲባል እጃችን እንደረጠበ ቆምን። ጊል ተቀምጦ ቀረ። «አይ» የሚሉ ይነሱ ሲባል ከእነ ሃርላን ጋር ብድግ አለ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሚስቱን እያየ። በዚያ ሰው ያን ቀን ተናድጄበታለሁ፣ አክብሬዋለሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

መስመሩ ጸደቀ። ተቃቀፍን። ሎርናንም አቀፍኳት፤ እንደ እንጨት ደርቃለች።

የቀረውን ራሷ ነው የነገረችኝ። ወደ ቤት ሲመለሱ ዳገቱ መሃል ፒካፑ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ጊል ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱም ለመውረድ አልተንቀሳቀሱም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«መቼ? ቤት ስትገኚ ነዋ ሰው የሚነግርሽ።»

«አሁን አለሁ።»

«ደክሞኛል ሎርና። ወገቤ አልቋል። ማርሲ ከመጣች ቤቱ ይቀጥላል፣ ላሞቹ ይቀጥላሉ፣ እኔም እቀጥላለሁ። መስመሩ ከቀረ ተስፋ ትቆርጫለሽ፣ ያን ጊዜ እንሸጣለን ብዬ ነው። ‹አይ› የሚልሽ ሰው ፈለግኩ፤ እኔ አቅቶኝ።»

«የልጅ ልጆችህስ?»

«እሱንማ ተይው። ‹አይ› ስል እነሱ ዓይኔ ላይ ይሄዱብኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

«ሳህን እያጠብሽ ነበራ» አላት። «እንደዚያ መሸነፍ የለብሽም።»

ከዚያ ሎርና «ላሞቹን እንሽጣቸው» አለች።

«የአባትሽ ናቸው እኮ።»

«የአባቴ ላሞች ድሮ አልቀዋል። እነዚህን ያለብካቸው አንተ ነህ። ገዢ ካለ ነገ ጥራው።»

ጊል ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሎርና እጇን ጀርባው ላይ አደረገች፤ እንዲህ አድርጋ ከነካችው ስንት ጊዜ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት። ያን ቀን ስታነሳ ስለ ድሉ ብዙም አታወራም። እያንዳንዱን ቤት አንኳኩታ፣ ማን ከእኛ ጋር ነው ማን አይደለም ብላ መንደሩን በሙሉ ስትጠይቅ፣ ባሏን ግን አንድም ቀን አለመጠየቋን ነው የምታወራው።