ጅዳ ከደሴ የቀረበች ዕለት

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ዛሬም ሰው "እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ ሲጠይቀኝ ቶሎ አልመልስም።

መካነ ሰላም ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ያልተጠየቅሁትንም ማስረዳት እወዳለሁ። ታናሽ እህቴ ሰአዳ ጅዳ ሰው ቤት ሥራ ከገባች ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። እናቴ "ባሕር ማዶ ናት፣ ምን ይደረጋል" እያለች ናፍቆቷን ችላ ትኖር ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኬን ከፍቼ፣ "እማ፣ ጅዳ እኮ ሩቅ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ናት። እኛ ደሴ ለመግባት ስድስት ሰዓት እንንገላታ የለ?" አልኳት።

ላጽናናት ብዬ ነው። እሷ ግን እጇን ከገበታው አነሳች።

"ከደሴ ትቀርባለች?"

"በጣም እንጂ" አልኩ፣ አዋቂነቴን ላሳይ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ እናቴ የለችም። ፌስታል አንጠልጥላ ወደ መናኸሪያ ስትወርድ እንዳየቻት ጎረቤታችን ነገረችኝ። የጫማዬን ክር ሳላስር ሮጥኩ። እናቴ ወገቧን ያማታል፤ ከደሴም አልፋ አታውቅም።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። ጭኗ ላይ ሽሮና ቅቤ ይዛለች።

"እናታችን ጅዳ ነው የምሄደው ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር" አለኝ ሾፌሩ።

"እማ፣ ውረጂ" አልኳት።

"አልወርድም። አይቻት ለጾሙ እመለሳለሁ። ይህን ያህል ቅርብ ከሆነች ሰባት ዓመት ምን አስቀመጠኝ?" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እሷስ ብትሆን? ከደሴ ቀርባ ካልመጣችልኝ ጠልታኛለች ማለት ነው" አለችኝ።

እናቴ ልጇ ከቦሌ ተሳፍራ የሄደች ይመስላት ነበር። ሰአዳ የሄደችው በደላላ፣ በበረሃ ነው። ወረቀት የላትም፤ ከወጣች መመለስ አትችልም፤ ከተያዘችም እስር ቤት ነው። ለእናቴ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር።

አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሾፌሩ የተነሳውን ሞተር አጠፋ።

"በእግሯ?" አለች እናቴ።

"በእግሯና በጀልባ።"

"ስንት ቀን ፈጀባት?"

"ወር ከአሥር ቀን።"

ፌስታሏን አንስታ ተነሳች። ሾፌሩ ክንዷን ይዞ አወረዳትና "አላህ ያገናኛችሁ እናቴ" አላት። "አሚን" አለች።

የጾሙ መጀመሪያ ቀን፣ ካፈጠርን በኋላ ሰአዳ ደወለች። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"ልጄ፣ ያለሽበት አገር በጣም ሩቅ ነው አሉኝ። አልመጣሁም ብለሽ እንዳትጨነቂ። እኔ ደህና ነኝ" አለቻት።

ሰአዳ "አዎ እማ፣ ሩቅ ነው" ስትል ሰማኋት።

እስካሁን አልመጣችም። እናቴም ከዚያ ወዲህ ስለ መንገዱ አንስታብኝ አታውቅም። ያኔ ምሳ ላይ ስለ ሰዓቱ ዝም ብል ኖሮ እላለሁ። ለእናቴ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔም ሰዓቱን ሳልቆጥር በኖርኩባቸው በነዚያ ሰባት ዓመታት እህቴ እንደ አሁኑ ናፍቃኝ አታውቅም ነበር።