ቀጭኑ ዘይት

አባቴ የሞተር ዘይት የሚመርጠው በጣቱ ነው። ጠብታዋን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አድርጎ ያሻታል፤ ከያዘችለት ጥሩ ነው፣ ካንሸራተተችው «ውሃ ነው» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳው በዚህ ነው፤ አንድም ሞተር አላቃጠለም። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመና ሀና ማርያም ሰፈር እኛ ቤት ከገባ ወዲህ፣ የሰፈሩ ሹፌሮች እሱን ሳያማክሩ ዘይት አይቀይሩም። ጠዋት ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ በር ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሌላ የቀረው ሥራ የለም።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ለመስክ ሥራ ሲወጣ የመኪናውን ዘይት እንዳስቀይር አደራ አለኝ። መኪናው ቱርቦ ያለው፣ ነዳጅ ሲነኩት የሚወረወር ነው። ቀጭን ዘይት ካላገኘ ቱርቦው ይበላል፤ ባለቤቴም ነግሮኛል፣ ማኑዋሉም ይላል። አባቴን ትቼው ልሄድ አሰብኩ፤ እሱ ግን ቀድሞኝ ኮቱን ለብሷል።

ላፍቶ መለዋወጫ ሱቅ ስንደርስ ሻጩ ከቀጭኑ ጠብ አደረገለት። አባቴ አሸው።

«ይሄ ውሃ ነው። ወፍራሙን አምጣ።»

«አባዬ፣ ይሄኛው ቀጭን ነው የሚፈልገው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ልጄ፣ ሞተር ሞተር ነው።»

ሻጩ እኔን ትቶ ወደ ወፍራሙ እጁን ሲዘረጋ ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ ያንተ ጊዜ መኪና አይደለም። አታውቀውም» አልኩት። ሱቁ ውስጥ፣ ቤታችን በር ላይ እየመጡ እሱን የሚያማክሩት ሹፌሮች ነበሩ። ቀጭኑን ገዝቼ ወጣን።

ጋራዥ ገብተን መካኒኩ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰና እንደ ልማዱ፣ «አባባ፣ ይሄን ልጨምር?» አለው።

«እሷን ጠይቃት» አለ አባቴ።

ቀጭኑ ተጨመረ። ስንመለስ ሞተሩ ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር፤ ጸጥታው ራሱ ያናድደኝ ጀመር። ልክ ነበርኩ፤ አሁንም ልክ ነኝ። ባለቤቴ ደውሎ ሲያመሰግነኝ ግን ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

በሳምንቱ አንድ የሚኒባስ ሹፌር በራችን ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እንግዳ ድምፅ እንዳመጣ ለአባቴ ሲነግረው ከመስኮቱ ሰማሁ። አባቴ ፂሙን አልተላጨም።

«ልጄን ጥራት፤ እሷ ታውቃለች» አለው።

ለአሽሙር ብሎት ቢሆን ወጥቼ እጣላውና ይወጣልኝ ነበር። ከልቡ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ስለ ሚኒባስ አንድም የማውቀው ነገር የለም።